የማይታጠበው አውራ ጣት

ይህን ወሬ የሰጠችኝ ሸጊቱ ናት፤ ከኔ ቤት በቆርቆሮ አጥር ብቻ የምትለየው ሸጊቱ። ወፍጮ ቤት ተሰልፈን ሳለን መብራት ሄደ፤ ባለወፍጮው «ይመጣል» ብሎ ወጣ፤ እኛም እህላችን ላይ ተቀመጥን። እሷ ከክርስትና እናቷ እንደሰማችው ነው ያወራችልኝ። የክርስትና እናቷ ከማን እንደሰማች አልጠየቅኋትም፤ ወሬ ከየት መጣ እየተባለ ከተጎተተ ይበርዳል። አገሩ የት ነው ብያት ግን ነበር። «ምን አስጨነቀሽ፣ ሩቅ ነው» አለችኝና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈን አደረገች። እንግዲህ ሩቅ ነው።

በዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚዘራው አኩሪ አተር ነው። ሌላ እህል ክልክል ሆኖ አይደለም። ሌላ የዘራ ሰው «ለምን ዘራህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱን ከሰጠ በኋላ በሳምንቱ ሌላ ሹም መጥቶ እንደገና ይጠይቀዋል። መልስ መስጠት ያደክማል። ስለዚህ ሁሉም አኩሪ አተር ይዘራል።

ንጉሡ ከግቢው አይወጣም። አባቱም አያቱም አይወጡም ነበር። ታዲያ የአገሩን ልምላሜ በምን ይወቀው? ለዚህ አያትየው አንድ ሥርዓት አቆመ፤ የአውራ ጣት ሹም የሚባል ሰው ይሾማል። ሹሙ ነሐሴ ሲብት ይነሣና ከማሳ ማሳ ይዞራል። በየማሳው አንድ ቅጠል ሳይቀነጥስ፣ እዚያው ተክሉ ላይ እንዳለ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ይዞ ውሃው እስኪወጣ ያሸዋል። ጣቱ አረንጓዴ ሲሆን ነጭ ጨርቅ ላይ ያትምበታል። ጨርቁ ግቢ ይሰቀላል፤ ንጉሡ እያየ «አገሬ ለምልሟል» ይላል። ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም።

ነገር ግን ጣቱ ላይ ያለው አረንጓዴ የንጉሡ ነው ተባለ። የንጉሡን ደግሞ ማን ያጥበዋል? ስለዚህ ሹሙ ከመጀመሪያው ማሳ እስከ መጨረሻው፣ ከነሐሴ እስከ ኅዳር፣ እጁን አይታጠብም። ምግብ በእጁ አይነካም፤ የደረሰበት ቤት እመቤት ታጎርሰዋለች። ሲበላ ጣቱ የጨርቅ ከረጢት ይለብሳል። አፍንጫውን የሚጠርግለት ሰው አለ፤ አፍንጫ ጠራጊ ነው ሹመቱ፤ ጀርባውንም የሚያክለት እሱ ነው፤ ሁለት ሥራ በአንድ ሹመት እያለ ያማርራል ይባላል።

በሽታው የገባው በዚህ ሥርዓት መሐል ነው። መጀመሪያ የታየው ከታችኛው ሰፈር ነበር። ጥቂት ተክል ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ቢጫና አረንጓዴ ዥጉርጉር ሆኖ ታየ። ቁመቱ አጠረ። በአንድ ገለፈት ሦስት ፍሬ ይይዝ የነበረው አንድ ያዘ፤ ያቺም አንዷ ስትፈለፈል ከእንብርቷ ቀለም የፈሰሰባት ትመስላለች። በሽታው አይገድልም። ቢገድል ኖሮ ይነቀል ነበር። ተክሉ ቆሞ፣ ቅጠሉን ይዞ፣ ከጥቂት ፍሬ በቀር ምንም ሳይሰጥ ይከርማል። እንዲያውም ደህናው አኩሪ አተር ደርሶ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ የታመመው አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ሹሙ በኅዳር ሲያትም ታዲያ የማን ጨርቅ ያምር ይመስላችኋል?

ያ ማሳ ተሸለመ። የተሸለመ ማሳ ፍሬው ወደ ንጉሡ ጎተራ ገብቶ በሚቀጥለው ዓመት ለአገሩ ሁሉ እንዲዘራ ይታደላል። ታደለ። ሰው ተሰልፎ ወሰደ። ቤት ያስቀመጡትን መዝራት «ያልተሸለመ መዝራት» ይባላል፤ ያስነውራል፤ ያስጠይቃል።

በሦስተኛው ዓመት ጉባኤ ተቀመጡ። ጥፋተኛው ክሽክሽ ነው አሉ። ክሽክሽ ያቺ ከሰሊጥ የምታንስ፣ ቅጠል ላይ አርፋ ቀመስ አድርጋ፣ ካልጣማት ወደ ሌላው የምትሄድ ተባይ ናት። ሐሰት አላሉም፤ ከታመመ ቅጠል የቀመሰች አፍ ደህናውን ስትቀምስ በሽታውን ታቀብለዋለች። መድኃኒቱ ግን ጭስ ነው ብለው አዘዙ። በአንድ ቀን አገሩ ሁሉ እርጥብ ገለባ አጨሰ። ሰው እያሳለ፣ ዓይኑን እያሸ ዋለ። ክሽክሿም ሸሸች፤ ወዳልታመመው ሰፈር ሸሸች፤ ደንግጣ ስለነበር አንዱ ላይ አልረጋችም፤ ሁሉንም እየቀመሰች አለፈች። በሽታ ያልነበረበት ሰፈር በሁለት ሳምንት ተጨማደደ። ለንጉሡ የቀረበው ቃል «ክሽክሽ ተባራለች» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ተባራለች።

አሁን ወደ ዘርፌ ልምጣ።

ዘርፌ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ቤቷም ማሳዋም ከወንዝ ማዶ። ወንዙ ላይ የነበረውን የግንድ ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሹሙ በክረምት መሻገር ስላልቻለ የሷን ማሳ ከወዲህ ማዶ በተገኘ ቅጠል እያተመ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ሦስት ዓመት ማንም አልነካትም። የምትዘራው እናቷ በቅል ያኖረችላትን አኩሪ አተር ነው፤ በሽታው ሳይመጣ የተለቀመ። ሰላሳ እርምጃ በሰላሳ እርምጃ የምትሆነውን ማሳዋን በማሽላ ከብባታለች። ለምን ብለው ሲጠይቋት «ክሽክሿ መጀመሪያ ማሽላው ላይ ታርፋለች፤ እዚያ አፏን ጠርጋ ነው ወደኔ የምትመጣው» ትላለች። ሰው ይስቅባታል። የተጨማደደ ተክል ካየች ግን በዚያው ጠዋት ነቅላ ትቀብረዋለች፤ አረንጓዴ መንቀል የሚያስቀጣ መሆኑን እያወቀች።

ወሬው ወንዙን ተሻገረ፤ ወሬ ድልድይ አይፈልግም። በጥቅምት ውሃው ሲጎድል ከወዲህ ማዶ ያለው ሰፈር ሰው እየተሻገረ መጥቶ ማሳዋን ያያል። አስራ አንድ ቤት ነበር ያ ሰፈር። አያ ውብነህ የሚባሉት ሽማግሌ ድንበሩ ላይ ቆመው አለቀሱ አሉ። ሦስት ፍሬ የያዘ አኩሪ አተር ካዩ ሰንብተዋል።

ዘርፌም ለአስራ አንዱም ቤት ቃል ገባች። «በሚመጣው ዓመት አብዝቼ ዘርቼ ለያንዳንዳችሁ አንዳንድ ጣሳ እሰጣችኋለሁ። በጓሯችሁ በድብቅ ዝሩት። ከዚያ ወዲያ እናንተ ታበዙታላችሁ።» ቅሉን ገልብጣ ያላትን ሁሉ ዘራች። አስራ አንድ ቤት የዚያች ማሳ መድረሻ ላይ ዓይኑን ጣለ። ጎተራው የሚያድለው ፍሬ ተዘርቶ የዘሩትን ያህል እንኳ አይመልስምና፣ ሌላ ተስፋ አልነበራቸውም።

የዚያን ዓመት መስከረም፣ አኩሪ አተሩ አበባ ሲይዝ፣ ድልድዩ ተሠራ።

ለሦስት ዓመት አቤት ሲባልበት የነበረው ድልድይ ነው። አቤት ባዩም እኚሁ አያ ውብነህ ነበሩ። በስድስት ቀን አለቀ። መጀመሪያ የተሻገረበትም የአውራ ጣት ሹም፣ ሹም ቢያድግልኝ ነው፤ አፍንጫ ጠራጊውና ሁለት ጨርቅ ተሸካሚ ይከተሉታል።

ዘርፌ ከሩቅ አየችው። ዶሮ አርዳ ጠበቀችው። ሹሙ ገብቶ መደብ ላይ ሲቀመጥ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ከፊቱ ዝቅ አለች።

ሹሙ ውሃውን አየ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ውሃ ነው ጌታዬ።»

«ውሃ መሆኑን አይቻለሁ።»

«እንግዳ ሳይታጠብ ማዕድ ይቀርባል እንዴ? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

አፍንጫ ጠራጊው ሳቀ። «እትዬ፣ ወንዙ ከሰው ለይቶዎታል መሰለኝ! ጌታዬ ከነሐሴ መባቻ ወዲህ መቼ ታጠቡ? ያጉርሷቸው እንጂ።»

የሹሙ ጣት ከረጢቱን ለበሰ። ዘርፌም አጎረሰችው። አንዱን ጉርሻ ሆን ብላ ወጡን አብዝታ ከረጢቱ ላይ አፈሰሰችበት። «ውይ እጄን ይስበረው!» አለችና ውሃውን ብድግ አደረገች። ጠራጊው ቀደማት፤ ከኪሱ ሌላ ከረጢት አውጥቶ ቀየረለት። «ሰባት ይዘን ነው የምንዞረው፣ እትዬ» አላት። «ወጥ የሚያፈስ ብዙ ነው።»

ከምሳ በኋላ ወደ ማሳው ወጡ። ማሽላው ድንበር ላይ ሲደርሱ ዘርፌ ፊቱ ቆመች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። እጅዎን ታጥበው ይግቡልኝ።»

ጨርቅ ተሸካሚዎቹ ምድር ምድሩን አዩ።

«ለምን?» አለ ሹሙ።

«በሽታው አብሮዎት ነው የሚሄደው። ክሽክሿም አለች፤ ግን ክሽክሿ ከመምጣቷ በፊት መጀመሪያ የሚጨማደደው እርስዎ ያሹት ተክል ነው። ሄደው ይዩ፣ በየማሳው መግቢያ ላይ ነው። የታመመውን ባሹበት ጣት ደህናውን ሲያሹት ይጋባል። እኔ ጋ ሦስት ዓመት አልመጡም፤ ሦስት ዓመት ደህና ነኝ።»

«እጄ በሽታ ነው እያልሽ ነው?»

«እጅዎ አይደለም ጌታዬ። እጅዎ ላይ ያለው ነው።»

«እጄ ላይ ያለው የንጉሡ ነው» አለ ሹሙ፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። እንዲህ ያለው ነገር ጮክ ተብሎ ከተነገረው ይልቅ ቀስ ተብሎ የተነገረው ያስፈራል። ሳያትም ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ችሎት ተቀመጡ፤ አዲሱ ድልድይ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ጭቃ ነበርና። ሦስት ዳኞች ናቸው። ተከሳሽ መዳፏን ዘርግታ ትቆማለች፤ እንዲያ ነው ደንቡ።

«አንቺ ሴት፣ አረንጓዴ ነቅለሻል?»

«የታመመ ነቅያለሁ።»

«አረንጓዴ ነበር?»

«ዥጉርጉር ነበር።»

«ከዥጉርጉሩ ውስጥ አረንጓዴ ነበረበት?»

«ነበረበት።»

«አረንጓዴ ነቅላለች» አለ ዳኛው፤ ተጻፈ።

ስለ ማሽላውም ጠየቋት፤ መለሰች፤ እንደገና ጠየቋት፤ መለሰች። ቀጥለው አያ ውብነህን ጠሩ። ድልድዩን ያሠሩ ሽማግሌ ናቸውና ቃላቸው ይከበራል ተባለ።

«አያ ውብነህ፣ የዚህች ሴት ማሳ ከናንተ ይለያል?»

አያ ውብነህ የድልድዩን ጣውላ አዩ። አዲስ ጣውላ ነው፤ ሙጫው ገና ይሸታል።

«ማሳ ማሳ ነው» አሉ።

«በሽታ የሚባል በማሳዎ አይተዋል?»

«ሲወራ ሰምቻለሁ። እኔ አላየሁም።»

ዘርፌ መዳፏን እንደዘረጋች ዞረች። «አያ ውብነህ፣ ድንበሬ ላይ ቆመው ያለቀሱት እርስዎ አይደሉም?»

«ጭሱ ነው ያስለቀሰኝ፣ እታለም።»

«በጥቅምት ጭስ አልነበረም።»

«ዓይኔ ውስጥ ቀርቶ ነበር» አሉ። ከአስራ አንዱ ቤት ሰው አንድ እንኳ የሳቀ የለም። የተናገረም የለም። እኔ ሸጊቱን «ሁሉም ዝም?» ብያታለሁ። «አንቺ ብትሆኚ?» አለችኝ። እኔም ወደ ወፍጮው ዞርኩ።

ፍርዱ አጭር ነው። «ጣቱን የናቀች፣ ጣቱ አይቅርባት። ከማሳዋ አንድም ተክል ሳይታሽ አይቅር። ቅሏም ከቤቷ ወጥቶ ይሰበር። ከዚህ በኋላ በየዓመቱ ሹሙ ከታችኛው ሰፈር እንደወጣ የመጀመሪያው ማረፊያው የሷ ማሳ ይሁን።» ዳኞቹ ማዋረዳቸው አልነበረም፤ እንዲያውም «ክብር ጨመርንላት» ብለው ነው የተነሡት።

ሁለት ቀን ፈጀበት። ሹም ቢያድግልኝ ከጥግ ጀምሮ፣ ጎንበስ እያለ፣ ተክል በተክል ቅጠል እየያዘ ያሻል። ዘርፌ እንድታይ ታዝዛለችና ከኋላው ትሄዳለች። በመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ ጠራጊው ጥላ ሥር ተኛ፤ ጨርቅ ተሸካሚዎቹም ተኙ። ሹሙ ቀና ሲል ጣቱ ተልጦ ደም አዝሏል።

«ስንቱ ቀረ?» አላት።

«ገና ሩቡን አላደረሱትም።»

ጎንበስ አለ፤ አሸ። ቀና አለ። «ስነሣ ልጄ የሰባት ቀን ጨቅላ ነበረች» አለ፤ ሳትጠይቀው። «ባለፈው ሳምንት በደጄ አለፍኩ። እናቷ ስታቀብለኝ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁት። ኅዳር ስገባ አንገቷን ታቆማለች ይሉኛል።»

«ይታጠቡና ይቀፏታ» አለችው ዘርፌ።

«ይቆርጡታል።»

«ምኑን?»

ጣቱን አሳያት። ልትጠላው ፈልጋ ነበር አሉ፤ ድካሙ ግን የራሷን ድካም መሰላት። ሲርበው አጎረሰችው፤ ሌላ የሚያጎርሰው አልነበረምና።

በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሽላው ጥግ ላይ አርባ የሚሆን ተክል ቀረ። ሹሙ ቆመ። ጠራጊው ከሩቅ «ጌታዬ፣ አለቀ?» ሲል ጮኸ።

ሹሙ ተክሎቹን አየ፤ እሷን አላያትም።

«አለቀ!» አለ፤ ጨርቁን አምጥተው አተመ፤ ተሻግረው ሄዱ።

ዘርፌ በዚያች ጥግ ሌላ ማሳ አገኘች። በየማለዳው ትመጣለች። በአስረኛው ቀን ታላቁ ማሳ መጨማደድ ጀመረ፤ ከላይ በኩል፣ ከለጋው ቅጠል። በአስራ አምስተኛው ቀን ዥጉርጉሩ ሁሉንም ያዘው። ክሽክሿ ደግሞ አለች፤ ከታመመው እስከ ጥጉ አራት እርምጃ ነው፤ መሐሉ ላይ አፏን የምትጠርግበት ማሽላ የለም። ከአርባው ስምንቱ ተጨማደደ፤ ነቀለች። ደግሞ አስሩ፤ ነቀለች። ደግሞ ሌላ አስር፤ ነቀለች። ስትነቅል ምሽት ነው፣ ስትነቅል ንጋት ነው፤ እጇን በአመድ እየታጠበች ነው አንዱን ለቃ ሌላውን የምትነካው። በኅዳር አገሩ ሁሉ አረንጓዴ እንደሆነ ሲቆም፣ ማሳዋም እንደ አገሩ አረንጓዴ ሆኖ ሲቆም፣ ጥጓ ላይ አስራ ሁለት ተክል ቢጫ ሆኖ ደረሰ። ወቃችው። ጣሳ አልሞላም።

የሰፈሩ ሰው ያውቅ ነበር። አንዷ፣ የሸጊቱ የክርስትና እናት ዘመድ ናት ይባላል፣ ለብቻዋ መጥታ «ትንሽም ብትሆን ዘር ናት፤ ደብቂያት» አለቻት።

«የት ልዝራት?» አለች ዘርፌ።

«ጓሮሽ።»

«ጓሮዬ በነሐሴ መጀመሪያ የሚገባው ሹሙ ነው። ያንቺ ጓሮስ? ግራና ቀኝሽ የታመመ ነው፤ ክሽክሿ አጥርሽን አታንኳኳም። አንድ ክረምት ይበቅላል፣ በሁለተኛው ይታመማል፣ በሦስተኛው ይሸለማል። ብዘራው ለጣቱ ነው የምዘራው። ደክሞኛል፣ እህቴ።»

በማግሥቱ ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፋ ያሳደረችበትን ውሃ ደፋች፤ ሌላ ውሃ አድርጋ፣ ጨው ጣል አድርጋ፣ ጣሳ ያልሞላውን አኩሪ አተር ንፍሮ ቀቀለችው። ድልድዩን ተሻግራ በየደጁ ጠራች። አስራ አንዱም ቤት ደጇ መጣ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ንፍሮ ሲያዩ ወንዶቹ ራሳቸውን ገለጡ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ለያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ጭብጥ ደረሰው። ልጆች እንዳይፈጁት እናቶች አንድ አንድ ፍሬ እየቆጠሩ አፋቸው ውስጥ ያደርጉላቸዋል።

አያ ውብነህ ከሁሉ በኋላ መጥተው አጥሩ ጋ ቆሙ። ዘርፌ ራሷ ሄደች።

«ይቅመሱ፣ አያ ውብነህ። ለእርስዎም ቃል ገብቼ ነበር።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። ቆመው በሉ። «ጣፋጭ ነው» አሉ። ዘርፌም ሳህኑን አጥባ ወደ ቤቷ ገባች።

የቀረው ይህ ነው።

ዘርፌ በተከታዩ ዓመት ማሳዋን ሙሉ ማሽላ ዘራች። ለምን ተባለች፤ መለሰች። በሁለተኛው ዓመትም መለሰች። በሦስተኛው መልስ አልሰጠችም፤ ማሳው ተወሰደ። እህቷ ቤት ገብታ እህል ስታበጥር ኖረች፤ እዚያው ሞተች።

ሹም ቢያድግልኝ የቆሰለው ጣቱ አመርቅዞ ከነአንጓው ተቆረጠ። ጣቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ግቢ ወሰዱት፤ እሱን ወደ ቤቱ ሸኙት። በዚያው ሳምንት ሌላ ሹም ተሾመ። አፍንጫ ጠራጊው ከአዲሱ ጋር ቀጠለ።

አያ ውብነህ የድልድዩ ጠባቂ ተደረጉ። ድልድዩን በሁለተኛው ክረምት ጎርፍ ወሰደው። ጠባቂነታቸው አልተሻረም፤ እስኪሞቱ ወንዙ ዳር ቁጭ ብለው ዋሉ።

ንጉሡ ከግቢው አልወጣም።

ከአስራ አንዱ ቤት አራቱ ተዘጋ። ሰባቱ በዓመቱ ከጎተራ ተሰልፈው ወስደው ዘሩ።